ስሙ ኤም ነው፣ የሚለው ግን «ም»፦ ለኬጂ ልጆች ካፒታል ፊደላትን ከነድምፃቸው ማስተማር

ካርዱን አነሣሁ። ካፒታል ቲ ነው። «በዚህ ድምፅ የሚጀምር ቃል ማን ያመጣልኛል?» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዷ ብድግ አለች። «ጣና!» ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለጣና የማያጨበጭብ የለም መቼም።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ደነገጥኩ። ጣና የሚጀምረው በ«ጥ» ነው። ቲ ደግሞ «ት» ነው የሚለው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ከተማው ውስጥ ያለ ታፔላ ጣናን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በቲ ነው የሚጀምረው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የፊደሉን ስም ስደጋግም ከርሜ ድምፁን በቅጡ አላሰማኋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ቀየርኩ። እዚህ የምጽፈው ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የእንግሊዝኛ ተነባቢ ድምፆችን ከካፒታል ፊደላት ጋር እንዴት እንደማዛምድላቸው ነው። ለኬጂ መምህራን ይሆናል። ቤት ውስጥ ለሚሞክር ወላጅም ይሆናል።

እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። 5ቱ አናባቢ ናቸው፣ 21ዱ ተነባቢ። እዚህ ሥራችን ከ21ዱ ጋር ነው። ለምን በካፒታል እንጀምራለን? በትንንሾቹ ፊደላት ቢ እና ዲ፣ ፒ እና ኪው እርስ በርሳቸው ግልባጭ ናቸው። ልጅ አንዱን አዙሮ ሲያየው ሌላው ይሆንበታል። በካፒታል ግን ኤም ተገልብጦ ደብልዩ ከመምሰሉ በቀር ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። መስመሮቹም አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለትንሽ እጅ ይመቻሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ልጁ «ማንጎ» እና «ሙዝ» በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ በአማርኛ ካልሰማ፣ ኤቢሲዲን ተዉት። ቸኩላችሁ አትጀምሩ። ጆሮው ይቅደም።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

ብዙ ወጪ የለውም። ከሱቅ የለመናችሁትን ካርቶን በአራት ማዕዘን፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። በወፍራም ማርከር በእያንዳንዱ ላይ አንድ ካፒታል ፊደል ብቻ ጻፉ። ሥዕል አትጨምሩበት፣ አበባም አትሣሉበት። ፊደሉ ጫፉ ላይ ለጌጥ የሚጨመር እግር ወይም ጭራ አይኑረው።

ከዚያ አንድ ዘንቢል ያዙ። ውስጡ የቤት ዕቃ ይግባ፦ ማንኪያ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ሎሚ፣ ባትሪ፣ ካልሲ፣ ገመድ፣ የመሳሰለው። በመጨረሻም ጭቃ ወይም አሸዋ። እኔ መጀመሪያ የፎገራ ሩዝ ትሪ ላይ አፍስሼ በጣት ማስጻፍ ፈልጌ ነበር። እናቴ ሰምታ «እህል መጫወቻ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት፣ ተውኩት። አሸዋውን ከሐይቁ ዳር ብታመጡም ራሳችሁ ሂዱ እንጂ ልጆቹን ውሃው ውስጥ አታስገቡ። ጣና ላይ ብልሃርዚያ አለ።

ደረጃ 1፦ ጆሮ ማስከፈት

ሁለት ሳምንት ያለ ምንም ፊደል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

የእኛ ልጆች አንድ ችግር አለባቸው፣ አንድ ጸጋም አላቸው። ችግሩ ይኸውላችሁ። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣብቆ ነው የሚጽፈው። «ማ» ለልጁ አንድ ነገር ነው። ውስጡ «ም» እንዳለች አይታየውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለቱን ለያይቶ በሁለት ፊደል ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ልጁ «ማ»ን መፈልቀቅ አለበት።

እንዲህ አድርጉ። መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ እያላችሁ አብራችሁ ዘምሩ። ቀስ ብላችሁ። ከዚያ «ስንጀምር ከንፈራችን ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይዘጋል!» ይላሉ። አዎ፣ ሰባቱም ላይ ከንፈር ይዘጋል። «ሰባት ወንድማማች ናቸው፣ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ቤት ነው። ቤቱ ምምምም ይባላል» በሏቸው። በማግሥቱ በሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ ሶ ድገሙት። አሁን ደግሞ ከንፈር አይዘጋም፣ ጥርስ ተጋጥሞ አየር ይሾልካል። ልጆቹ እርስ በርስ አፍ ለአፍ እየተያዩ ይሥቃሉ። ይሣቁ።

ቀጥሎ ዘንቢሉ። እጃችሁን ከታችሁ ዕቃውን ሳታሳዩ፣ «የያዝኩት በምምም ይጀምራል። ምግብ እንበላበታለን» በሏቸው። ማንኪያ! አወጣችሁ አሳያችሁ። ነገሩ እንቆቅልሽ ነው፣ ልጅ እንቆቅልሽ አይጠግብም። እንደውም «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ብላችሁ ብትጀምሩት ይበልጥ ይደምቃል። «አገር ስጠኝ» ሲባልም ጎንደርን፣ ደሴን፣ ዘጌን እየሰጡ የአገሩን የመጀመሪያ ድምፅ ይናገሩ። እኔ ክፍል ውስጥ ዘጌ ተሰጥታ ተሰጥታ አልቃለች።

ደረጃ 2፦ ንጹሑን ድምፅ ማግኘት

ጸጋው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ሳድስ።

እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ መምህር የቢን ድምፅ ለብቻው ልጻፍ ቢል ይቸገራል። ሲያሰማም «በኧ» ሊልበት ይችላል። እኛ ግን «ብ» ብለን እንጽፈዋለን። ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ እያሉ የኔታ ያስቆጠሩን ስድስተኛው ቤት ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። «ምሳ» ስንል ከ«ም» በኋላ ትንሽ «እ» ትሾልካለች። «ሰላም» ስንል ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ንጹሕ ናት፣ ምንም አትከተላትም። የምንፈልገው ያችን ነው። ስለዚህ ድምፁን ራሳችሁ ስትለማመዱ ከቃል መጨረሻ ውሰዱት። «ም» ከሰላም፣ «ስ» ከፈረስ፣ «ፍ» ከመጽሐፍ፣ «ል» ከፊደል፣ «ን» ከዘይቱን፣ «ዝ» ከሙዝ፣ «ብ» ከልብ፣ «ት» ከቤት፣ «ድ» ከሆድ፣ «ክ» ከልክ፣ «ግ» ከበግ፣ «ጅ» ከልጅ፣ «ው» ከሰው፣ «ፕ» ከላፕቶፕ። «ር»ን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ ባሕር ዳር ራሷ በ«ር» ነው የምታልቀው። «ይ»ን ደግሞ ዓባይ ሰጥቶናል።

ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ለልጆቹ ድምፁን አሰሟቸው እንጂ ስለ ሳድስ አታስተምሯቸው።

ከእነዚህ ውስጥ የሚጎተቱ አሉ፣ የማይጎተቱ አሉ። ም፣ ስ፣ ፍ፣ ል፣ ን፣ ዝ፣ ር ትንፋሽ እስኪያልቅ ይጎተታሉ። ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ፣ ፕ ግን ጠብ ብለው ያልቃሉ። የሚጎተቱትን አስቀድሙ። ልጁ ድምፁን ለመስማት ጊዜ ያገኛል። የማይጎተቱትን ስታስተምሩ እንጎትት ብላችሁ «ብእእእ» አትበሉ። አጭር አድርጋችሁ ደጋግሙት፦ ብ፣ ብ፣ ብ።

ስም ሌላ፣ ድምፅ ሌላ

በመጀመሪያ ዓመቴ የፊደል መዝሙሩን አስጠናሁ። ልጆቹ በሦስት ቀን ጨረሱት። ወላጅ ተደሰተ። ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርቼ «ኤል የቱ ነው?» ብለው «ኤለመኖፒ» አለኝ። አምስቱ ፊደላት ለእሱ አንድ ፊደል ነበሩ። መዝሙሩ ጥፋት የለበትም፣ ይዘመር። ግን መዝሙር መቻል ፊደል መቻል አይደለም።

ስሞቹም ልጅን ያሳስታሉ። ቢ፣ ዲ፣ ቲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጄ ድምፃቸው ከፊት ስላለ ቀላል ናቸው። ኤም፣ ኤስ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤን፣ አር ድምፃቸውን ጭራቸው ላይ ነው የያዙት። ኤች ግን ምኑም «ህ» አይልም፣ ያውም «ች» ብሎ ነው የሚያልቀው። የደብልዩ ስም የሚጀምረው በ«ድ» ነው። ዋይ የባሰ ነው። ስሙ በ«ው» ይጀምርና ድምፁ «ይ» ይሆናል። ልጅ ዋይን አይቶ «ው» ካላችሁ አትገረሙ፣ ስሙን ሰምቶ ነው።

ታዲያ ስሙን እንተወው ወይ? አልልም። ወላጅም ይጠይቃል፣ የሚቀጥለው ክፍልም ይፈልገዋል። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ። «ድመት ስሟ ማን ነው?» «ድመት!» «ምን ትላለች?» «ሚያው!» «ይሄስ? ስሙ ኤም ነው። ምን ይላል? ምምምም።» ከዚያ ወዲያ በየካርዱ «ስሙ ማን ነው? ምን ይላል?» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሁለቱን አምታቶ የሚመልስ ልጅ እየቀነሰ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ በቅደም ተከተል ማስገባት

በኤቢሲዲ ተራ አትሂዱ። ተራው ለመዝገበ ቃላት ነው የሚጠቅመው። እኔ የምሄድበት ይህ ነው።

መጀመሪያ ኤም፣ ኤስ፣ ኤፍ፣ ኤል። ድምፃቸው ይጎተታል፣ መልካቸውም አይመሳሰልም። ቀጥሎ ቢ፣ ቲ፣ ኤን፣ አር። ቀጥሎ ዲ፣ ኬ፣ ዜድ፣ ጄ። ቀጥሎ ኤች፣ ደብልዩ፣ ዋይ፣ ፒ። ከዚያ ጂ እና ቪ። እነዚህ 18 ናቸው። ሲ፣ ኪው እና ኤክስ ወደ መጨረሻ ይቆዩ፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ኤም እና ኤን በአንድ ሳምንት አይምጡ። በመልክም በድምፅም ይቀራረባሉ። ቢ እና ዲን፣ ቢ እና ፒንም አራርቁ።

በሳምንት ሁለት ፊደል በቂ ነው። ሰኞና ማክሰኞ አንዱ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሌላው፣ ዓርብ የቆየውን ከአዲሱ መቀላቀል። በየሦስት ሳምንቱ ምንም አዲስ የሌለበት አንድ ሳምንት ስጧቸው። እንዲህ ሲሆን 18ቱ በ12 ሳምንት ያልቃሉ። «የጎረቤት ኬጂ በወር ጨረሰ» የሚል ወላጅ ይመጣል። ይምጣ፣ ሻይ አፍሉለት።

ደረጃ 4፦ ቅርፁን በእጅ ማስያዝ

ቅርፁን ከድምፁ ጋር የሚያስተሳስር ትንሽ ወሬ ፈልጉለት። ኤስ እባብ ነው፣ እባብ «ስስስ» ይላል። ኤፍ ወደ አንድ ወገን ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ነው፣ ነፋስ «ፍፍፍ» ይልበታል። ዜድ ቢምቢ ናት፣ ወዲያ ወዲህ ስትል «ዝዝዝ» ትላለች። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ይህችን ማብራሪያ አያስፈልገውም። አር ባጃጅ ነው፣ ዳገት ላይ «ርርርር»። ለሁሉም ወሬ ካልተገኘ አትጨነቁ። በግድ የተፈጠረ ወሬ ከፊደሉ በላይ ይከብዳል።

ከዚያ በእጅ ይሠራ። ቀጥ ያሉትን፣ እነ ቲን፣ ኤልን፣ ኤችን፣ ኤፍን፣ ኤንን፣ ዜድን፣ በእንጨት ስብርባሪ ወይም በተቆራረጠ የደንገል አገዳ መሬት ላይ ይገጥሟቸዋል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለቲም ይሆናል። ጎበጥ ያሉትን፣ እነ ቢን፣ ዲን፣ ፒን፣ ጄን፣ በጭቃ ወይም በሲባጎ። ሲሠሩ አፋቸው ዝም አይበል፣ ድምፁን እያሉ ይሥሩ። ዝም ብሎ የተሠራ ፊደል የጭቃ ሥራ ሆኖ ይቀራል። እርሳስ ለጊዜው ይቆይ።

እዚህ ላይ የእኛው ፊደል አንዳንዴ ያደናግራል። ፐን የሚያውቅ ልጅ ቲን አይቶ «ፐ» ሊል ይችላል። ዘን የሚያውቅ ኤችን በጎኑ የተኛ ዘ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በዚህ አትቆጡ። ይልቅ ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጡና «ይሄ የአማርኛ ቤት ልጅ ነው፣ ያኛው የእንግሊዝኛ ቤት» በሏቸው። እኔ የአማርኛውን ካርድ በአረንጓዴ፣ የእንግሊዝኛውን በሰማያዊ ነው የምጽፈው። ረድቶኛል።

ደረጃ 5፦ ማዛመድ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አራት እርከን አለው፣ አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አትለፉ።

ሀ. ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ፣ ሦስት ዕቃ። ኤም ላይ ማንኪያ፣ ሙዝ እና ሎሚ አድርጉ። የዕቃውን ስም እናንተ ጥሩ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ጎተት አድርጋችሁ። ልጁ በ«ም» የሚጀምሩትን ካርዱ ላይ ይጭናል፣ የማይሆነውን ወደ ዘንቢሉ ይመልሳል። ሎሚን አንሥቶ ትንሽ ካመነታ አትቸኩሉበት። እያሰበ ነው።

ለ. ሁለት ካርድ፣ ስድስት ዕቃ። ኤም እና ኤስ። አሁን ልጁ ይመድባል፦ ሳሙና ወዲያ፣ ማንጎ ወዲህ። ስሙን ራሱ ይጥራ።

ሐ. ዕቃው ይነሣ። አራት ካርድ ይዘርጉ። እናንተ ድምፁን ብቻ አሰሙ፣ ልጁ ካርዱን ይጠቁም ወይም በመዳፉ ይምታ። ሁለት ልጆች ማን ቀድሞ እንደሚመታ ይወዳደሩ። እዚህ ጋ ጩኸት ይበዛል፣ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምር ካለ ይቅርታ ጠይቁ።

መ. አሁን ተገላቢጦሽ። ካርዱን አሳዩ፣ ልጁ ድምፁን ይበል። ይህ ከሐ ይከብዳል። አይቶ መጠቆም እና ከራስ አውጥቶ መናገር አንድ አይደሉም። ሐን በደንብ የሠራ ልጅ እዚህ ሲደናቀፍ ሰንፎ አይደለም።

ሲሳሳት «አይደለም!» አትበሉ። መልሱን ስጡት፦ «ይሄ ስስስ ይላል። በል አብረን።» ከዚያ ሌላ ሁለት ካርድ አሳልፋችሁ ያንኑ መልሱበት። አሁን ያገኘዋል። ሲያገኘው ፊቱን ተመልከቱት።

ክፍላችሁ ውስጥ 40 ልጅ ካለ ይህን ለሁሉም በአንዴ አትችሉም። እኔ ስድስት ስድስት እያደረግሁ ነው የምሠራው። የቀሩት ጭቃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ረዳት ካላችሁ ታድላችኋል።

ለለውጥ ያህል ዓሣ ማጥመድ አለ። ከካርቶን ዓሣ ዓሣ ቅረጹ፣ በየሆዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ፣ አፉ ላይ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ስኩበት። ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጡና በክር እንጨት ላይ እሰሩ። መሬት ላይ ሰማያዊ ሻሽ ከተነጠፈ ጣና ሆነ ማለት ነው። ያጠመደ ልጅ ድምፁን ሲናገር ዓሣውን ይወስዳል፣ ካቃተው ወደ ውሃው ይመልሳል። ማግኔቱ ትንሽ ከሆነ ወደ አፍ እንዳይገባ ዓይናችሁ አይነሣ። አንዱ ልጅ አንድ ቀን ኤልን ሦስት ጊዜ አጥምዶ ሦስቴም መለሰ። «ይቺ አምባዛ አትያዝም» አለ ተናዶ። በአራተኛው «ልልል» ብሎ ወሰዳት።

ደረጃ 6፦ ከአማርኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ቃል

እስካሁን በአማርኛ ቃላት ነበርን። አንዳንድ መምህር ይህን አይወድም፣ «እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ» ይላል። እኔ አልስማማም። ልጁ የማያውቀውን ቃል የመጀመሪያ ድምፅ እንዴት ይለያል? በሚያውቀው ይጀምር።

መሸጋገሪያ ድልድይ ደግሞ አለን። ሁለቱም ቋንቋ የሚጋራቸው ቃላት። ማንጎ፣ ሶፋ፣ ፊልም፣ ላፕቶፕ፣ ታክሲ፣ ነርስ፣ ራዲዮ፣ ዶክተር፣ ዜሮ፣ ጃኬት፣ ሆቴል፣ ፓፓያ፣ ጋራዥ፣ ቪዛ። ልጁ ሳያውቀው እንግሊዝኛ እየተናገረ ኖሯል። እነዚህ በእንግሊዝኛም የሚጻፉት በዚያው በምናስተምረው ፊደል ነው። አንዱን ብቻ ተጠንቀቁ፦ ዩኒፎርም። ጆሮ «ይ» ይሰማል፣ እንግሊዝኛው ግን የሚጽፈው በአናባቢው በዩ ነው። ከዘንቢሉ አውጡት።

ከድልድዩ በኋላ እነ ሙን፣ ሰን፣ ፊሽ፣ ላየን በሥዕል ይግቡ።

ደረጃ 7፦ ጠንካሮቹ ድምፆች

ወደ ጣና ልመለስ።

አማርኛ እንግሊዝኛ የሌለው አምስት ጠንካራ ድምፅ አለው፦ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ። ልጆቻችን እነዚህን ወደ ቅርቡ የእንግሊዝኛ ፊደል ይወስዷቸዋል። ጣናን ለቲ፣ ቆሎን ለኬ፣ ፀሐይን ለኤስ፣ ጳጳስን ለፒ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አምጧቸው። ለቲ ታንኳ እና ጣና። እዚህ ከተማ ከዚህ የተሻለ ጥንድ አይገኝም፣ አንዱ ሌላው ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ልጁ ጣቱን ጉሮሮው ላይ ያድርግና «ታ» ይበል። ከዚያ «ጣ»። በ«ጣ» ጊዜ ጉሮሮ ዘለል ይላል። «ዘለለ!» ይላሉ። የሚዘለውን ለቲ አንሰጥም፣ የማይዘለውን እንሰጣለን። ታንኳ ካርዱ ላይ፣ ጣና ዘንቢል ውስጥ። ለኬ ኩባያ እና ቆሎ። ለኤስ ሰማይ እና ፀሐይ።

ስም ላይ ጉዳዩ ስሱ ይሆናል። ልጅ የመጀመሪያ ፊደሉን ይወዳል፣ የራሱ ነው። ብሩክ ቢን፣ ሜሮን ኤምን፣ ዳዊት ዲን ወሰዱ እንበል። ጸጋስ? በእንግሊዝኛ ስሟ ብዙ ጊዜ በቲ ነው የሚጀምረው። ቃልኪዳን ደግሞ በኬ። እነዚህን ልጆች «ያንቺ አይሆንም» ብላችሁ አታስከፉ። «የስምሽ ድምፅ ጠንካራ ነው፣ እንግሊዝኛ ስለሌለው ቲን ተበደረ» በሏት። የኔ ክፍል ልጆች «ብድር ስም» ይሉታል። ብድር ስም ያለው ልጅ እንደውም ይኮራል።

ፕ እና ቭ በተቃራኒው ናቸው፣ እኛ ጋ የገቡት ከውጭ ቃል ጋር ነው። አንዳንድ ልጅ ሁለቱንም «ብ» ያደርጋቸዋል። ለ«ፕ» ቀጭን ወረቀት ከአፍ ፊት ይያዝ። «ፕ» ሲባል ወረቀቱ ይወዛወዛል፣ «ብ» ሲባል ብዙም አይነቃነቅም። ለ«ቭ» የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ነከስ አድርጎ «ፍ» ማለት፣ ከዚያ ድምፅ ጨምሮ ማንዘር። ካልሆነለት ግን ተዉት፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ጂ ሁለት ድምፅ አለው። በ«ግ» አስተምሩት፣ «ጅ»ን ለጄ ተዉ። ለጂ ጉማሬ አለን፣ ለጄ ጀልባ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ሁለቱንም አንድ ላይ ያየ ልጅ ሞልቷል። ሲ ደግሞ አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» ስለሚል፣ ኪው አብዛኛውን ጊዜ ዩን አስከትሎ «ክው» ስለሚል፣ ኤክስ ደግሞ «ክስ» ሆኖ ብዙ ጊዜ ከቃል መሐል ወይም መጨረሻ ስለሚገኝ ነው ወደ መጨረሻ የገፋኋቸው። ኤክስን ታክሲ ውስጥ አሳይታችሁ እለፉ።

ደረጃ 8፦ መንገድ ላይ

ከክፍል አውጧቸው። በዘንባባው ጥላ ሥር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ በኩል ግማሽ ሰዓት መራመድ ብቻውን ትምህርት ነው። የሆቴል ታፔላ አለ፣ የባንክ አለ፣ የባጃጅ ታርጋ አለ። በብዙ ታርጋ ላይ «አማ» ከሚለው ጋር በላቲን ኤ እና ኤም አሉ። ኤም እዚያች ላይ ትታደናለች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊደል ስጡት፣ ያንን ብቻ ይፈልግ። ሲያገኝ ድምፁን ይጩህ። ገመድ አሲዛችሁ በሰልፍ ሂዱ፣ ባጃጅ ፍሬን አለው ብላችሁ አትመኑ።

የቻለውን እንዴት ታውቃላችሁ

ልጁን ለብቻው ጥሩት። ካርዶቹን በዝብርቅርቅ አሳዩት። ወዲያው ከመለሰ ደብተራችሁ ላይ ሙሉ ምልክት፣ አስቦ ከመለሰ ግማሽ፣ ካልመለሰ ባዶ። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሙሉ ያገኘ ፊደል ያለቀለት ነው። ለልጁ ውጤት አትንገሩት። ደረጃም አታውጡ፣ በዚህ ዕድሜ አንደኛና ሁለተኛ ምን ያደርጋል?

ለወላጅ የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ ብቻ ነው። ማታ እራት ሲቀርብ አንድ ዕቃ ይነሣና «በምን ይጀምራል?» ይባል። ደብተር አይከፈት።

ባለፈው ወደ ሐይቁ በኩል ስንራመድ፣ ቲ የደረሳት ልጅ አንድ ትልቅ ታፔላ ሥር ቆመች። ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። አየችው፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ጣና አላሉም። ታና ነው ያሉት።»